አጭር አጻጻፍና ግልጽ አጻጻፍ



ዛሬ የምንናገረው ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ኢነም ፍላግ» ስለሚሉት ነገርና እርሱን ባጭሩ ስለ መጻፍ ነው። ምሳሌውን ከቅርብ እንውሰድ። ዩኔስኮ አንድን ቦታ በዓለም ቅርስነት የሚመዘግብባቸው 10 መስፈርቶች አሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ዛሬ 7ኛና 10ኛ የሚባሉትን፥ ማለት የተፈጥሮ ውበትንና ብዝኃ ሕይወትን፥ ያሟላል።

ለያንዳንዱ መስፈርት አንድ ቢት ቢሰጥ፥ ዋጋቸው 1፥ 2፥ 4 እያለ በእጥፍ ያድጋል። 7ኛው 64፥ 10ኛው 512 ይሆናል፤ ሁለቱ ባንድነት 576። ይህን ድምር ሌላ ጥምረት አይሰጠውም። ነገር ግን 576ን ብቻ ያየ አንባቢ ምን ይረዳል? ስለዚህ በሲ-ሻርፕ እንዲህ ይጻፋል፦

ሰሜን = መስፈርት.ውበት | መስፈርት.ብዝኃሕይወት;

ግልጽ ነው፤ ግን «መስፈርት» የሚለው ቃል ተደጋገመ። ዓይነቱ አስቀድሞ ከታወቀ፥ በስዊፍት ቋንቋ ይህ ይበቃል፦

ሰሜን = [.ውበት, .ብዝኃሕይወት]

ስብስብን በማዕዘን ቅንፍ መጻፍ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ኒክላውስ ቪርት በ1970 ባወጣው በፓስካል ቋንቋም ነበረ።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ለአደጋ 1024ን ብንመድብ፥ መዝገቡ 1600 ይሆናል። በባዶ ቁጥር የሚሠራ ሰው ረስቶ 1024ን ዳግመኛ ቢደምር 2624 ያገኛል፤ የአደጋው ምልክት ጠፍቶ ማንም ያላሰበው የ2048 ምልክት ይበራል። በ«|» ወይም በስብስብ ቢጨምር ግን ሺህ ጊዜ ቢደግመውም መዝገቡ አይለወጥም። አደጋው ሲያልፍም «& ~» ያንኑ አንድ ምልክት ብቻ ያነሣል፤ 576 እንዳለ ይቀራል።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው፦ ማሽኑ የሚያውቀውን ድግግሞሽ እንቀንስ፤ አንባቢው የሚፈልገውን ስም ግን አንቀንስ። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ እግረኛ አቋራጭ ቢይዝ መልካም ነው፤ እግሩ የሚያርፍበትን እስካየ ድረስ። ከኛ በኋላ ፕሮግራማችንን የሚያነብና የሚያርም ወንድም ወይም እኅት አለና፥ ለእርሱ እናስብለት።