የአንጎልን ንጥረ ነገሮች በመግነጢሳዊ ሬዞናንስ ስለ መለካትና ስለ ስሕተቱ ወሰን



የራስ ቅል ሳይከፈት በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንዳለ ማወቅ ለቀደሙት ሐኪሞች የማይታሰብ ነበር። ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሴል፥ የአተም አስኳል በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠውን ምላሽ እ.ኤ.አ. በ1946 በየበኩላቸው ካስታወቁና በ1952 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉ ወዲህ ግን በሩ ተከፍቷል። ዛሬ የሚነሣው ጥያቄ የተለካው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው።

የአሠራሩ መሠረት የሃይድሮጅን አስኳል ነው። አስኳሉ የሚሰጠው ሞገድ፥ በሞለኪውሉ ውስጥ እንዳሉት ጎረቤቶቹ ዓይነት በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ የነርቭ ሴሎች ደኅንነት ምልክት ተደርጎ የሚወሰደው ኤን-አሴቲል አስፓርቴት በ2.0 ፒፒኤም፥ ክሪያቲን በ3.0፥ ኮሊን ያለባቸው ውሕዶች በ3.2 አካባቢ ጉብታቸውን ያሳያሉ። የጉብታውም ስፋት ከንጥረ ነገሩ መጠን ጋር የተመጣጠነ ነው።

ይሁን እንጂ ንጹሕ ውሃ በሊትር 55 ሞል ያህል ሲሆን፥ ኤን-አሴቲል አስፓርቴት በሊትር ከ10 ሚሊሞል ብዙም አይርቅም። ጋባ የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሚሊሞል ገደማ ብቻ ከመሆኑም በላይ አንዱ ጉብታው በክሪያቲን ጉብታ ሥር ተሸፍኖ ይገኛል። ይህን መለካት በገበያ ጫጫታ መካከል የአንድ ሕፃን ድምፅ ለይቶ እንደ መስማት ነው። ምልክቱ ከጫጫታው ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ እንዲጎላ የልኬታው ጊዜ አራት እጥፍ መሆን አለበት። አምስት ደቂቃ ሃያ ይሆናል ማለት ነው፤ ሕመምተኛ ግን ያን ያህል ሳይንቀሳቀስ መተኛት ይቸግረዋል።

ስቲቨን ፕሮቬንቸር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ዘዴ፥ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር የታወቀ ስፔክትረም በልክ በልኩ እየደመረ ከታየው ጋር ያስማማል። ከመጠኑም ጎን የስሕተቱን ወሰን ያትማል። ይህ ወሰን በስዊድናዊው ሃራልድ ክራሜርና በሕንዳዊው ራኦ ስም የሚጠራ ሲሆን፥ ጫጫታው ይህን ያህል ከሆነና ሞዴሉ ትክክል ከሆነ፥ አድልዎ የሌለበት ማናቸውም ዘዴ ከዚህ ያነሰ ስሕተት ሊያገኝ እንደማይችል ይገልጻል። እንግዲህ ወሰኑ የስሕተት ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሕመምተኛው ቢንቀሳቀስ፥ የታላላቅ ሞለኪውሎች ምልክት ከስሌቱ ቢዘነጋ፥ ወይም በተለካው ክፍል ያለው የአንጎል ፈሳሽ ድርሻ በስሕተት ቢገመት ወሰኑ ይህን አያይም።

ከዚህ የከፋው ወሰኑን በመቶኛ አስልቶ መጣያ ማድረግ ነው። ለምሳሌ አንድ ንጥረ ነገር በጤናማው ክፍል 10 ሚሊሞል፥ ዕጢ ባለበት ክፍል 2 ሚሊሞል ቢሆንና የሁለቱም ስሕተት 1 ሚሊሞል ቢሆን፥ የመጀመሪያው ስሕተት ከመቶ 10፥ የሁለተኛው ከመቶ 50 ይሆናል። «ከመቶ 20 በላይ የሆነው ይጣል» በሚለው ልማድ መሠረት ሁለተኛው ልኬታ ይጣላል። ነገር ግን የሁለቱ ልኬታዎች ጥራት አንድ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም ወሬ ያ የመጠን ማነስ ነበር። የቀሩት ቁጥሮች አማካይም ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሮላንድ ክራይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጽሑፍ ስለዚሁ አደጋ አስጠንቅቋል።

ስለሆነም የባለሙያው ተግባር ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ስፔክትረሙን ራሱን በዓይኑ ይመርምር። ሁለተኛ፥ ወሰኑን ከመጠኑ ጋር በአንድ መለኪያ፥ ማለትም በሚሊሞል፥ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ከተቻለ በአንድ ሰው ላይ ልኬታውን ደጋግሞ ውጤቶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይይ። በመጨረሻም የሚጣል ልኬታ ካለ፥ የሚጣለው ስፔክትረሙ ስለ ተበላሸ እንጂ ቁጥሩ ስላነሰ አይሁን።

ስሕተቱ ያልተነገረ ቁጥር ለሐኪሙ የሐሰት እርግጠኝነት ይሰጠዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በመኪናው ውስጥ ጸጥ ብሎ የተኛው ሕመምተኛ ነው።