በኮሌጅ ሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የተደረገ ንግግር


ኮሌጅ የትምህርት ስፍራ ስለ ሆነ አደጋ የሌለበት ይመስላል። ነገር ግን በቤተ ሙከራው አሲድ ያቃጥላል፤ ጣሪያ ሲጠገን መሰላል ይንሸራተታል፤ የወጥ ቤቱም እሳት ሰው አይመርጥም።

በኢትዮጵያ የግል ኮሌጅ ሠራተኛ የሚጠበቀው በ2011 ዓ. ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህም ሕግ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንደ ስካር ያሉት በሕጉ የተለዩት ምክንያቶች ግን ካሣውን ያስቀራሉ። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ጉዳተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙን፤ በሚቀጥሉት 3 ወሮች ከመቶ 75፤ ከዚያም በኋላ ባሉት 6 ወሮች ከመቶ 50 የማያንሰውን ያገኛል።

ስለዚህ መምህሩም ሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ ጉዳታቸውን ውሎ ሳያድር ለአሠሪያቸው ያስታውቁ። በይሉኝታ ዝም ያለ ሠራተኛ የልጆቹን እንጀራ ያስቀራልና።