የጀጎል ግንብ ሐምራዊ ነው ወይ?



ይህ የምታዩት ሥዕል የሐረር ጀጎል ነው። የሣለችው ሐረር ተወልዳ ያደገች የማኅበራችን አባል ናት። ዛሬ ለጨረታ ይቀርባል፤ ገቢውን እሷና የማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ይካፈሉታል። እኔ የቆምኩት ስለ መነሻ ዋጋው እንድናገር ስለተጠየቅሁ ነው።

ሥዕሉን ያዩ ብዙዎች «ግንቡ ለምን ሐምራዊ ሆነ? ሚናራውስ ለምን ዘመመ?» ብለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ የድንጋይ ግንብ ነው። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ፎቶግራፍም ያሳየናል።

ሥዕሉን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከሐምራዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ ኖራ አለ። በጀጎል ለረመዳንና ለበዓል ቤት የሚቀቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ያንዱ ዓመት ቀለም ባለፈው ዓመት ላይ ይደረባል። እኛ የሒሳብ ሰዎች ለሕንፃ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ እንይዛለን። ቤቱን በየዓመቱ የሚያድሰው የሴቶች ጉልበት ግን በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? ሠዓሊዋ ግድግዳው ላይ ያኖረችው እሱን ነው። ሚናራውም የዘመመው ከጠባቡ መንገድ፣ ባልዲ ይዛ ሽቅብ በምታይ ሴት ዓይን ስለተሣለ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። «የሸራውና የቀለሙ ወጪ መነሻ ይሁን፤ ይበቃል» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ አልስማማም። ሸራውና ቀለሙ ደረሰኝ አላቸው። ልጆቿን አስተኝታ የሠራችባቸው 42 ምሽቶች ደረሰኝ የላቸውም። ደረሰኝ የለውም ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የጥልፋችንን፣ የስፌታችንንና የእንጀራችንን ዋጋ ስንተምንም የምንከስረው እዚሁ ላይ ነው፤ ክሩንና ጤፉን ቆጥረን እጃችንን እንረሳለን።

ስለዚህ የምሽቶቹ የሥራ ሰዓት ተሰልቶ በመነሻ ዋጋው ላይ እንዲደመር፣ ከዛሬ ጀምሮም በማኅበራችን ስም የሚሸጥ ማንኛውም የእጅ ሥራ በዚሁ ስሌት እንዲተመን ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም ዋጋው ከፍ ብሎ ብታገኙት፣ የምትከፍሉት ለሐምራዊው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ላለው ድካም ጭምር ነው።