ቱርቦና የመልካ ጀብዱ አቧራ

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ቱርቦ ባለው መኪናቸው ላይ የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውጥተው ክፍት ፊልትሮ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። ጉልበት ይጨምራል ይላሉ።

አቅራቢ 2፦ ድምፁማ ያምራል! ግን ኮፈኑ ስር ከተቀመጠ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከ15 ዲግሪ ወደ 35 ሲወጣ ክብደቱ 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

አቅራቢ 1፦ የድሬዳዋን ሙቀት ደግሞ ታውቀዋለህ! ቱርቦው ሲጨምቀው ይበልጥ ይግላል።

አቅራቢ 2፦ ኢንተርኩለር የተሠራው ለዚያ ነው። እሱም ፊቱ በአቧራ ከተደፈነ አያበርድም።

አቅራቢ 1፦ እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ፣ መልካ ጀብዱ አቧራው ላይ ለሚነዳውስ?

አቅራቢ 2፦ የቱርቦ ክንፍ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ማጣሪያውን ያለፈ አሸዋ ክንፉን ይበላዋል፤ ቀጥሎ ፒስተንና ሲሊንደሩን ይፍቃል። ዘይት የሚቀባው ፊልትሮም ዘይቱ ሲበዛበት የአየር መለኪያውን ሴንሰር ሊያበላሽ ይችላል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

አቅራቢ 2፦ ሳጥኑ ዝግ ይሁን፤ አየሩን ከኮፈኑ ውጭ ይሳብ። ከቱርቦው በፊት ያለው ቱቦ ማሰሪያው ከላላ አቧራ ሳይጣራ ይገባል። ለውድድር ሜዳ የሚሆን ሁሉ ለመንገድ አይሆንም። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ጥሩ ፊልትሮ ላይ አውሉት።