ሰፈርን በካርቶን መሥራት፦ እንግሊዝኛን ለሕፃናት በሞዴል ስለ ማስተማር



ከካዛንቺስ ልጀምር። ስሙ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ያሠራበት ከነበረው ተቋም ስም፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። የባዕዱ ቃል በሕዝቡ አፍ የጸናው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን፣ በዓይን ከሚታይ ቤት ጋር ተያይዞ ነው። የዛሬው ንግግሬም በዚሁ ዙሪያ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደንግጓል። በአዲስ አበባ ደግሞ ልጆች 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ሲማሩ ቆይተዋል። በታችኞቹ ክፍሎች ቃላትን ሸምድዶ ያለፈ ልጅ ዋጋውን የሚከፍለው በሁሉም ትምህርት ነው።

ብዙዎቻችን ሞዴልን የምናስበው ስሞችን ለማስተማር ነው። ለብርጭቆ ግን ብርጭቆው ራሱ ይበቃል። ሞዴል ይበልጥ የሚያስፈልገው የነገሮችን አቀማመጥ ለሚገልጹ ቃላት ነው። አማርኛ «ቤቱ ውስጥ» ሲል ገላጩን ከስሙ በኋላ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ ያስቀድመዋል። የእኛ «ላይ» ደግሞ እንግሊዝኛ «ኦን» እና «አበቭ» ብሎ የሚለያቸውን ብዙ ጊዜ አጣምሮ ይይዛል። ሥዕልም ሁልጊዜ አይረዳንም፤ በወረቀት ላይ ከቤት በስተኋላ ያለ ዛፍ ከጣሪያው የበቀለ ይመስላል። በሞዴል ግን ልጁ ዛፉን በእጁ አንሥቶ ከቤቱ ጀርባ ያቆመዋል፤ ሲያቆመውም «ቢሃይንድ» ይላል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ፔዳጎጂካል ማዕከላት መርጃ መሣሪያዎችን ከአካባቢ ቁሳቁስ ያዘጋጁ ነበር። ዛሬም የቂርቆስ ልጅ ከካርቶን ቤት፣ ከክብሪት ቀፎ ታክሲ፣ ከቆርኪ ጎማ መሥራት ይችላል። ሆኖም ሞዴሉ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከለበሰ፣ ወይም መምህሩ ብቻ ከፍ አድርጎ ካሳየው፣ ከሥዕል ብዙም አይሻልም። ልጁ ራሱ ሊሠራው፣ ሊያንቀሳቅሰውና ሊናገርበት ይገባል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ከዚያ የሄደ ልጅ በአዲሱ ክፍሉ የቀድሞ ሰፈሩን በካርቶን ቢሠራ፣ መምህሩም ቤታችሁ የት ነበር ብሎ በእንግሊዝኛ ቢጠይቀው፣ ልጁ ከመጽሐፉ የማይገለብጠው፣ የራሱ የሆነ መልስ ይኖረዋል። ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎቻችን ይህን እንድትሞክሩት አደራ እላለሁ።