በጣና ዳር የአሮጌ ቮልስዋገን ዝገትና የቤት ውስጥ ጥገናው



እንደሚታወቀው ትንሿ ቮልስዋገን ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ አይደለችም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእርሷ ነበር። የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ተመርታ ምርቱ ቢቋረጥም፣ በአገራችን ያሉት ዛሬም በየከተማው ይሽከረከራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በእጅ ያለውን ጠግኖ ማቆየት የትርፍ ጊዜ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

በባሕር ዳር መኪና ሲዝግ ጣናን መክሰስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ክሱ ልክ አይደለም። የጣና ውሃ ጨው አልባ በመሆኑ፣ ነፋሱ እንደ ምጽዋና እንደ ጅቡቲ ነፋስ ጨው ተሸክሞ ብረት ላይ አያራግፍም። ብረትን የሚበላው ውሃና አየር ባንድነት ለረጅም ጊዜ ሲቆዩበት ነው። የክረምቱ ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ገጽ ተለጥፎ ሲከርም፣ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በአፈር ሲደፈኑ፣ የራሰ ምንጣፍ ሳይነሣ ሲቀር ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጓዛል። ቀለሙ የሚያብጠውም ዝገት ከበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ነው፤ ስለዚህ እብጠቱ በታየ ጊዜ በሽታው ከጀመረ ቆይቷል።

የቮልስዋገን አራቱ ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ ስለ ሆኑ፣ ጥቂት መፍቻ ያለው ሰው በግቢው ውስጥ ሊለውጣቸው ይችላል። አስቸጋሪዎቹ ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከኋላ መቀመጫ ሥር ባትሪው የሚያርፍበት ወለል ሲሆን፣ የሚፈሰው አሲድ ያሳሳዋል። ሁለተኛው ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ የተዘረጋው የሞቀ አየር ማስተላለፊያ ቦይ ነው። ይህ ቦይ አየር ከማስተላለፉም በላይ የአካሉ ዋና ተሸካሚ ነው፤ አካሉ ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰረውም በእርሱ በኩል ነው።

እንግዲህ ከባዱ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የተበሳውን ቦይ በስቱኮ ደፍኖ ወይም የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለጥፎ ቀለም መቀባት መኪናዋን ጤነኛ ያስመስላታል፤ ስቱኮ ግን ሸክም አይሸከምም። የክዳን ቆርቆሮም ውፍረቱ በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ ሲበየድም ከዚንክ ልባሱ የሚወጣው ጢስ ሠራተኛውን ትኩሳት ያሲዘዋል። ግጭት በደረሰ ዕለት የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ውስጥ የተቀመጠው ቤተሰብ ነው።

ትክክለኛው ጥገና ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ደረቅ ወራት ይጀመራል። ባትሪው ይፈታል፤ ከፊት ያለው የቤንዚን ማጠራቀሚያም ይወጣል። ብረት ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፈፍ እንዳይላላ በብረት ይደገፋል፤ በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተትም ተለክቶ ይጻፋል። አንዱ ጎን ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም፤ ይህ ካልተጠበቀ አካሉ ይጎብጥና በሩ አይገጥምም። ቁርጡ እስከ ጤነኛው ብረት መድረስ አለበት። ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ላሜራ ሳያቋርጡ ቢበይዱት ስለሚጣመም፣ ብየዳው በመጀመሪያ በነጠብጣብ ተይዞ፣ እየቀዘቀዘ ቀስ በቀስ ይሞላል። በመጨረሻም ዝገት ተከላካይ ቀለም ይቀባል፤ በማይታዩት ክፍተቶች ውስጥ ሰም ይረጫል፤ የውሃ መውረጃዎቹም ክፍት ይተዋሉ። ብየዳ ያልተማረ ባለቤት መፍታቱን፣ መጥረጉን፣ መለካቱንና መቀባቱን ራሱ ሊሠራ ይችላል፤ የቦዩን ብየዳ ግን ለሠለጠነ የባትላሜራ ባለሙያ መተው ይገባዋል።

የጣና ዳር ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ጎትተው ያደርቁታል፤ ውሃ የጠጣ ደንገል እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃሉና። ለብረትም የሚበጀው ይኸው ልማድ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ምንጣፉን አንሥቶ ያደረቀ፣ ጭቃውን ያጠበ፣ ቀዳዳዎቹን የከፈተ ባለመኪና ላሜራ የመቁረጫውን ዘመን በብዙ ዓመታት ያርቀዋል።