ዳዊት ለሙታን ብቻ አይደገምም
(በቆላ ድባ በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው በሞተብን ቁጥር ካህናቱ ዳዊት ሲደግሙ እንሰማለን። እኛ ድንኳን እንተክላለን፣ ውሃ እንቀዳለን፤ ንባቡ ግን በጆሯችን አልፎ ይሄዳል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነው።

150ውን መዝሙር አባቶቻችን በየዕለቱ ከፋፍለው አቆይተውልናል። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፍን ሁሉ ንባብ የለመድነው በዚሁ ነው። ከነዚህ ውስጥ 50ኛው የንስሐ መዝሙር ነው። መነሻው በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ይገኛል። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦር ሜዳ አስገደለ። ነቢዩ ናታን መጥቶ፣ ብዙ በግ ያለው ባለጸጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረደ ነገረው። ንጉሡ ተቈጥቶ በባለጸጋው ላይ ሞት ፈረደ። ናታንም የተፈረደበት ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት።

እኔም እንዲሁ ፈራጅ ነበርሁ። ከአንድ ጎረቤቴ ጋር በማሳ ድንበር ተጣልተን ሁለት ክረምት ሳንነጋገር ከረምን። ገፊው እሱ ነው እል ነበር። በለቅሶው ዕለት 50ኛው መዝሙር ሲደገም፣ «ይህን በሰማው ኖሮ!» ብዬ አሰብሁ። ወዲያው ደነገጥሁ። እሱ ተገንዞ ተኝቷል፤ የምሰማው እኔ ነኝ! በሬዎቼን አዙሬ አንድ ትልም ወደ እሱ ማሳ የገባሁት እኔው ነበርሁ። የደንቢያን ጥቁር አፈር ያረሰ ሁሉ አንድ ትልም ምን እንደ ሆነ ያውቃል። እኔም አውቀው ነበር፤ ሸፍኜው ኖርሁ እንጂ።

ንስሐ ገባሁ። ታዲያ ይህ ይበቃል? ትልሙን የወሰድሁት ከሰው ነው። ስለዚህ አርባው ሳይደርስ ሽማግሌ ይዤ ወደ ልጆቹ ሄድሁ፤ ድንበሩንም በድንጋይ አስተካከልን። ከሟቹ ጋር ግን ሳልታረቅ ቀረሁ። ይህ ዛሬም ይቈጨኛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዳዊት ስትደግሙ አትቸኩሉ። ግዕዙ ካልገባችሁ አማርኛውን ተመልከቱ። ልብ የሚወጋ ቃል ላይ ስትደርሱ ቁሙና «ይህ ነገር በእኔ የት አለ?» በሉ። መልሱ ወደ ጎረቤት ደጅ የሚመራችሁ ከሆነ፣ የለቅሶ ጥሪ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ድንኳናችን ሳይተከል ታርቀን ለመገናኘት ያብቃን።